ምክር ቤት በውክልና የሚወጡ ሕጎችን እንዴት ይመረምራል? ከአዋጅ ረቂቅ እስከ መመሪያ ክትትል

ፈቃድ ለማሳደስ፣ ግብር ለማስታወቅ ወይም ዕቃ ከጉምሩክ ለማስወጣት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው በመስኮቱ ላይ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «መመሪያው አይፈቅድም» የሚል ነው። «አዋጁ አይፈቅድም» የሚል መልስ ግን እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱም አዋጁ መርሑንና ማዕቀፉን ሲያስቀምጥ፣ መጠኑን፣ ቅጹን፣ ቀነ ገደቡን፣ ክፍያውንና መቅረብ ያለበትን ማስረጃ የሚወስኑት በውክልና የሚወጡት ደንቦችና መመሪያዎች ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች አዋጁን አጽድቀው ወደ ሌላ አጀንዳ ከተሻገሩ፣ ዜጋው በየዕለቱ የሚተዳደርበትን ሕግ አብዛኛውን ክፍል ሳያዩት ቀርተዋል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ የምክር ቤት አባላት፣ የቋሚ ኮሚቴ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የምክር ቤቱን ሥራ የሚከታተሉ ጋዜጠኞችና የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በውክልና የወጣን ሕግ ከመነሻው እስከ አፈጻጸሙ እንዴት መመርመር እንደሚችሉ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። መሠረቱ የኢትዮጵያ ፌዴራል ሥርዓት ነው፤ ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያና ከኬንያ የተወሰዱ ልምዶችም በሚጠቅሙበት ቦታ ተጠቅሰዋል።

መነሻ፦ ሥልጣኑ ከየት ይመጣል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት በፌዴራል ጉዳዮች ላይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣው በአንቀጽ 77 ንዑስ አንቀጽ 13 መሠረት ከዚሁ ምክር ቤት በሚሰጠው ሥልጣን ነው። ሚኒስቴሮችና ሌሎች የአስተዳደር ተቋማት ደግሞ በአዋጅ ወይም በደንብ በተሰጣቸው ሥልጣን መመሪያ ያወጣሉ። ስለዚህ ደንብም ሆነ መመሪያ በራሱ የሚቆም ሕግ አይደለም፤ የሰጪውን ወሰን ካለፈ መሠረት ያጣል። ምርመራው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ሥልጣኑ ከመሰጠቱ በፊት አንቀጹን መመርመር

በእኔ እምነት በአገራችን ሁኔታ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም ይኸው ነው። መመሪያ ከወጣ በኋላ ምክር ቤቱ በድምፅ የሚሽርበት መደበኛ ሥነ ሥርዓት ባልተዘረጋበት ሁኔታ፣ ምክር ቤቱ ያለ ብዙ ድካም ወሰን ሊያበጅ የሚችለው አዋጁ ገና ረቂቅ ሳለ ነው።

የአዋጅ ረቂቆችን የሚያነብ ሰው ወደ መጨረሻው ገጽ ሲደርስ የሚከተለውን የመሰለ አንቀጽ ያገኛል፦ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይህን አዋጅ ለማስፈጸም ደንብ ሊያወጣ ይችላል። ሚኒስቴሩ ይህን አዋጅና በአዋጁ መሠረት የሚወጡ ደንቦችን ለማስፈጸም መመሪያ ሊያወጣ ይችላል።» ከመሸጋገሪያ ድንጋጌዎችና አዋጁ ከሚጸናበት ጊዜ ጋር አብሮ ስለሚቀመጥ ኮሚቴው እዚያ ሲደርስ ውይይቱ አብቅቷል፤ አንቀጹም እንደ ተራ መዝጊያ ታይቶ ያልፋል። ነገር ግን ያ አንቀጽ ሥልጣን የሚሰጥ አንቀጽ ነው። የትኛውን ጉዳይ፣ ለምን ዓላማ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ሳይናገር ሁሉንም ይሰጣል።

ስለዚህ የኮሚቴው ባለሙያ ረቂቁ እንደደረሰው በመጀመሪያ «በደንብ ይወሰናል»፣ «በመመሪያ ይዘረዘራል»፣ «ሚኒስቴሩ በሚያወጣው መስፈርት መሠረት» የሚሉትን ሐረጎች ሁሉ ከመላው ረቂቅ ለቅሞ ያውጣ። ለእያንዳንዱም አራት ጥያቄዎችን ያቅርብ፦ ሥልጣኑ ለምን ዓላማ ተሰጠ? ወሰኑ የት ላይ ነው? ተቀባዩ የሚመራበት መስፈርት ምንድን ነው? በደንብ ደረጃ መሆን ያለበት ጉዳይ ወደ መመሪያ ወርዷል ወይ? የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 94 ንዑስ አንቀጽ 6 ላይ ተመሳሳይ ግዴታ አስቀምጧል፤ የሕግ ማውጣት ውክልና የሚሰጥ ሕግ ዓላማውን፣ የሥልጣኑን ወሰንና ስፋት፣ የሚመራበትንም መርሕ በግልጽ መናገር አለበት ይላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ረቂቁ «ባለሥልጣኑ የአገልግሎት ክፍያ መጠንን በመመሪያ ይወስናል» ቢል፣ ተቋሙ ነገ ክፍያውን አሥር እጥፍ ቢያደርገው ከሥልጣንህ አልፈሃል የሚለው ሰው አይኖርም፤ ምክንያቱም የታለፈ ወሰን የለም። አንቀጹ «ክፍያው አገልግሎቱን ለመስጠት ከሚያስፈልገው ወጪ ሳይበልጥ፣ በደንብ በሚጸድቅ የስሌት ዘዴ መሠረት ይወሰናል» ተብሎ ቢጻፍ ግን ኮሚቴው፣ ፍርድ ቤቱም፣ ከፋዩም የሚለኩበት ነገር ያገኛሉ። ማሻሻያው አጭር ቢሆንም የቁጥጥሩ መሠረት እሱ ነው።

አንዳንድ ጉዳዮች ደግሞ ጨርሶ በውክልና መተላለፍ የለባቸውም፤ ከተላለፉም በጠባቡ መሆን አለበት። አዲስ የወንጀል ድርጊትና ቅጣት መፍጠር፣ ግብርና ታክስ መጣል፣ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጡ መብቶችን መገደብ፣ ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዳይታይ ማድረግና አዋጅን ራሱን መለወጥ ከእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። የመጨረሻው ዓይነት ሥልጣን በእንግሊዝ የሕግ ሰዎች ዘንድ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ስም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1539 የወጣ ሕግ የንጉሡን ትእዛዛት በፓርላማ እንደወጣ ሕግ እንዲከበሩ አድርጎ ነበር፤ ያ ሕግ በ1547 ቢሻርም፣ ሚኒስትር የፓርላማን ሕግ በደንብ እንዲያሻሽል የሚፈቅድ አንቀጽ ዛሬም በንጉሡ ስም ይታወቃል። በረቂቅ ውስጥ «የአዋጁን አባሪ ሚኒስቴሩ እንደ አስፈላጊነቱ ሊያሻሽል ይችላል» የሚል ሐረግ ሲገኝ በቀይ ይሠመርበት። አባሪው የቅጽ ናሙና ብቻ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ የታክስ መጣኔ ወይም የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ከሆነ ግን አዋጅን ማሻሻል ነው።

በእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት ይህን ሥራ ብቻ የሚሠራ ኮሚቴ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለው። መንግሥትም ከሕግ ረቂቁ ጋር እያንዳንዱ ውክልና ለምን እንዳስፈለገና ለምን በዚያ መልክ እንደተሰጠ የሚያስረዳ ማስታወሻ ያቀርባል። የእኛ ኮሚቴዎችም ረቂቁን ያመነጨው አካል በማብራሪያው ውስጥ ይህንኑ እንዲያካትት መጠየቅ ይችላሉ። «ዝርዝሩ ሰፊ ስለሆነ» የሚለው ብቻውን በቂ ምክንያት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ዝርዝሩ ሰፊ ቢሆንም መስፈርቱ በአዋጁ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የማቅረብ ግዴታ በአዋጁ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ አወጣጥን በሥርዓት ያስያዘ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም መመሪያ ከመጽናቱ በፊት ለምክር ቤቱ ይቅረብ የሚል ግዴታ አላስቀመጠም። ይህ ክፍተት አጠቃላይ ሕግ እስኪወጣለት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ምክር ቤቱ ሥልጣን በሚሰጥበት በእያንዳንዱ አዋጅ ላይ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል። ሥልጣኑን የሚሰጠው እሱ እስከሆነ ድረስ በሁኔታ የመስጠትም መብት አለው ብዬ አምናለሁ። አንቀጹ ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በዚህ አንቀጽ መሠረት የሚወጣ ደንብ ወይም መመሪያ ከታተመበት ወይም ከተመዘገበበት ቀን በኋላ ባሉት ሰባት የምክር ቤቱ የስብሰባ ቀናት ውስጥ ከማብራሪያው ጋር ለምክር ቤቱ ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልቀረበ የማቅረቢያው ጊዜ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ተፈጻሚ አይሆንም።»

በውክልና ስለሚወጡ ሕጎች የተደነገገው የኬንያ የ2013 እ.ኤ.አ. ሕግ በዚህ አኳኋን የተቀረጸ ነው፤ በሰባት የስብሰባ ቀናት ውስጥ ያልቀረበ ሰነድ ኃይሉን ያጣል። ቅጣቱ በአንቀጹ ውስጥ መኖሩ ወሳኝ ነው። «ይቀርባል» ብሎ ካልቀረበ ምን እንደሚሆን የማይናገር ድንጋጌ ሳይፈጸም ቢቀር ማንም አይጠየቅበትም።

ከቀረበ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የምክር ቤቱ ዝምታ ለማን ይጠቅማል የሚለው ነው። በእንግሊዝ በብዛት በሚሠራበት ሥነ ሥርዓት ደንቡ ይቀርባል፣ በ40 ቀናት ውስጥ ተቃውሞ ቀርቦ በድምፅ ካልተሻረ ይጸናል። መንግሥት የስብሰባውን አጀንዳ ስለሚቆጣጠር ብዙ ተቃውሞዎች ወደ ክርክር እንኳን አይደርሱም፤ የታችኛው ምክር ቤት በዚህ መንገድ ደንብ የሻረው ለመጨረሻ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በአውስትራሊያ ግን ደንብ እንዲሻር የቀረበ ሞሽን (የውሳኔ ሐሳብ) በ15 የስብሰባ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ደንቡ እንደተሻረ ይቆጠራል። ስለዚህ መንግሥት ራሱ ክርክሩ ቶሎ እንዲካሄድ ይጥራል። ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ብጠየቅ ያለ ማመንታት የአውስትራሊያውን እመርጣለሁ።

ለከባድ ጉዳዮች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ረቂቁ በምክር ቤቱ በድምፅ ሳይጸድቅ እንዳይጸና ማድረግ። ይህን ለሁሉም መመሪያ ማድረግ አይቻልም፤ እንዲያ ከሆነ ምክር ቤቱ ሌላ ሥራ ሊሠራ አይችልም። መብትን ወይም ገንዘብን በቀጥታ ለሚነኩት ግን ተገቢ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሰነዱንና ፋይሉን ማግኘት

ደንብ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ስለሚወጣ ለማግኘት አያስቸግርም። መመሪያ ግን ለረጅም ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚኖር ሰነድ ነበር። አዋጅ 1183 ይህን ለመለወጥ ተቋሙ ረቂቁን በማስታወቂያ እንዲያሳውቅ፣ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበል፣ መመሪያውም በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ (ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በፍትሕ ሚኒስቴር) ተመዝግቦ መለያ ቁጥር እንዲያገኝና በድረ ገጽ እንዲጫን አዝዟል።

ስለዚህ የኮሚቴው ባለሙያ የመጀመሪያ ማጣሪያው ቀላል ነው፤ መመሪያው የምዝገባ ቁጥር አለው ወይ? በድረ ገጽ ላይ ይገኛል ወይ? በተግባር እየተሠራበት ያለ ነገር ግን ያልተመዘገበ «ሰርኩላር»፣ «የውስጥ ማስታወሻ» ወይም «የአሠራር ማንዋል» ከተገኘ በይዘቱ ላይ ከመነጋገር በፊት ዜጋን የሚያስገድደው በምን ሕግ እንደሆነ ተቋሙ ይጠየቅ። ስያሜው መመሪያ ባይሆንም መብትና ጥቅምን የሚነካ ከሆነ ሥርዓቱን መከተል ነበረበት።

ከዚያ ተቋሙ ስለ መመሪያው የያዘው ፋይል ይጠየቅ። በውስጡ የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ማስታወቂያው፣ የቀረቡት አስተያየቶች፣ የፍትሕ ሚኒስቴር አስተያየትና የመጨረሻው ማብራሪያ ሊኖሩ ይገባል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከጸደቀው ጋር ማነጻጸር ብዙ ያሳያል፤ አስተያየት ተሰብስቦ አንድም ቃል ሳይለወጥ ከጸደቀ፣ ተቋሙ አስተያየቶቹን ለምን እንዳልተቀበለ በጽሑፍ ማስረዳት መቻል አለበት።

አራተኛ ደረጃ፦ ጎን ለጎን ማንበብ

ይህ የምርመራው ዋና ሥራ ነው። ባለሙያው ገጹን ለሁለት ከፍሎ በግራ በኩል ሥልጣን የሰጠውን የአዋጅ አንቀጽ፣ በቀኝ በኩል የመመሪያውን አንቀጽ ይጻፍ፤ በግራ በኩል አቻ ያልተገኘለት የመመሪያ ድንጋጌ ሁሉ ለጥያቄ ይያዝ። በአዋጁ ያልነበረ ክፍያ ወይም ቅጣት ተጨምሯል? ትርጉም የተሰጠው ቃል ከአዋጁ ትርጉም ሰፍቷል ወይስ ጠቧል? ወደ ኋላ ሄዶ የሚሠራ ድንጋጌ አለ? አዋጁ ለሚኒስትሩ የሰጠው ሥልጣን በመመሪያው ለመምሪያ ኃላፊ ወርዷል? አዋጁ የሰጠው የይግባኝ ጊዜ አጥሯል? «ተቋሙ በሚያምንበት ሁኔታ» የሚል መስፈርት የሌለው ሐረግ ገብቷል?

የእንግሊዝ ፓርላማ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኮሚቴው የደንቡን ፖሊሲ አይመዝንም፤ የሚያጣራው ከሥልጣን በላይ የመሆን ጥርጣሬ፣ ያለ ግልጽ ፈቃድ ወደ ኋላ መሥራት፣ ያልተለመደ የሥልጣን አጠቃቀም፣ ያልተገባ መዘግየት፣ የአጻጻፍ ጉድለት መኖሩንና የመሳሰሉትን ነው። ይህ አከፋፈል ለእኛም ይበጃል፤ የፓርቲ ክርክር ሳይገባበት አባላት ሊስማሙበት የሚችሉት ክፍል ስለሆነ።

አንድ የአገራችንን ጉዳይ እንመልከት። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ማዕቀፉን አስቀመጠ። ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች የተከለሉትን የሥራ መስኮች የዘረዘረው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 474/2012 ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በመመሪያ ቁጥር 1001/2016 ለዘመናት ለአገር ውስጥ ሰው ተከልለው የቆዩትን የወጪ፣ የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ዘርፎች በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። እርምጃው ለኢኮኖሚው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ራሱን የቻለ ሰፊ ክርክር ነው። የውክልና ሕግ መርማሪ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ቦርዱ ይህን ለመወሰን የተጠቀመው የትኛውን የአዋጅና የደንብ አንቀጽ ነው? አንቀጹ እንዲህ ያለ ስፋት ያለው ለውጥ በመመሪያ እንዲደረግ ታስቦ የተጻፈ ነው? በደንብ የተከለለን ዘርፍ በመመሪያ ለመክፈት የሕጎቹ ተዋረድ ይፈቅዳል? እያንዳንዱን ቤት፣ እያንዳንዱን የሰፈር ሱቅ የሚነካ ጉዳይ በየትኛው ደረጃ መወሰን እንዳለበትስ ምክር ቤቱ አዋጁን ሲያጸድቅ ተወያይቶበት ነበር? መልሱ ለመመሪያው የሚያደላ ቢሆን እንኳን ተጽፎና ተመዝግቦ መገኘቱ ለሚቀጥለው አዋጅ አቀራረጽ ትምህርት ይሆናል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ጥያቄ ማቅረብና መልስ ማግኘት

ኮሚቴው ጥርጣሬውን ይዞ በቀጥታ ወደ መድረክ ባይወጣ ይመረጣል። በመጀመሪያ ለተቋሙ ደብዳቤ ይጻፍ። ደብዳቤው የመመሪያውን ቁጥርና አንቀጽ፣ ሥልጣን የሰጠውን አንቀጽና አንድ ግልጽ ጥያቄ ይያዝ፤ መልስ የሚጠበቅበትም ቀን ይቆረጥ። «በመመሪያው ላይ ቅሬታ ስላለ ማብራሪያ ይሰጠን» የሚል ደብዳቤ የሚያመጣው መልስ የአፈጻጸም ሪፖርት ነው።

መልሱ ካላረካ ሚኒስትሩ ወይም የተቋሙ ኃላፊ ይጠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል። ለዚህ ስብሰባ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ አብሮ እንዲገኝ ማድረግ ይጠቅማል። መመሪያውን ያረቀቀው ሰው በሌለበት ውይይቱ ወደ አጠቃላይ የፖሊሲ ንግግር ይንሸራተታል። መመሪያው የሚነካቸው ሰዎችም ይሰሙ፤ ንግድ ምክር ቤቱ፣ የሙያ ማኅበሩ፣ የሸማቾች ማኅበሩ በወረቀት ላይ የማይታየውን ጉዳት ያውቁታል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ውሳኔ

ኮሚቴው መመሪያው ወሰን አልፏል ብሎ ከደመደመ ያለው ምርጫ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። ተቋሙ ራሱ እንዲያሻሽል ወይም እንዲሽር በጽሑፍ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፤ አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ላይ መቋጨት አለበት፣ ተቋሙም ቃል የገባበት ቀን ይመዘገባል። ካልሆነ ጉዳዩ በኮሚቴው ሪፖርት ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ደግሞ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18 መሠረት ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ ሥልጣን ላይ ይወያያል፤ አስፈላጊ መስሎ የታየውንም እርምጃ ሊወስን ይችላል። የመጨረሻውና ጠንካራው መንገድ ሥልጣን የሰጠውን አዋጅ ማሻሻል ነው፤ አንቀጹ ሲጠብ ከወሰኑ ውጭ የቀረው መመሪያ መሠረቱን ያጣል።

ከምክር ቤቱ ውጭ ያለው መንገድም ለዜጎች ይነገር። በአዋጅ 1183 መሠረት መመሪያ ከሥልጣን በላይ ሆኖ ወይም ሥርዓቱን ሳይከተል ከወጣ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊከለስ ይችላል። አዋጁ የሚመለከተው የአስተዳደር ተቋማትን መመሪያዎች ስለሆነ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቦች በዚህ ሥርዓት አይሸፈኑም፤ ኮሚቴዎች ለደንቦች የበለጠ ትኩረት እንዲሰጡ የሚያስገድደው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የእረፍት ወራትና የአስቸኳይ ጊዜ

የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም የአንድ ወር እረፍት ሊኖር ይችላል። በክረምት የወጣ መመሪያ ምክር ቤቱ ሲመለስ ለወራት የተሠራበት ይሆናል። ስለዚህ የጊዜ ገደብ የሚያስቀምጥ አንቀጽ ሲረቀቅ በስብሰባ ቀናት ይቆጠር፤ ኮሚቴውም በጥቅምት የመጀመሪያ ሥራው በእረፍቱ ወራት የወጡትን ዝርዝር ማየት ይሁን።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የራሱ ሰዓት አለው። በአንቀጽ 93 መሠረት ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓታት፣ ካልሆነ በ15 ቀናት ውስጥ ቀርቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት። ነገር ግን ክልከላዎቹ በዝርዝር የሚወጡት ከዚያ በኋላ በደንብ ሊሆን ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ለኮቪድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/2012 ዝርዝሩን ያገኘው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 466/2012 ነበር። ስለዚህ አዋጁ ሲጸድቅ የሚከተለው ደንብም በስንት ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ እንደሚቀርብ አብሮ መወሰን አለበት።

ሰባተኛ ደረጃ፦ መዝገብ መያዝ

ኮሚቴው ለእያንዳንዱ በሥሩ ያለ አዋጅ አንድ ገጽ ይክፈት። በገጹ ላይ አዋጁ ስንት የውክልና አንቀጾች እንዳሉት፣ በየትኞቹ ደንብ ወይም መመሪያ እንደወጣ፣ ቁጥሩና ቀኑ፣ የተነሣው ጥያቄና ተቋሙ የገባው ቃል ይጻፍ። ሳይወጣ የቀረ ደንብም ይመዝገብ፤ አዋጅ ጸድቆ ማስፈጸሚያው ለዓመታት ሳይወጣ ሲቀር ምክር ቤቱ የሰጠው መብት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፣ ይህም ከሥልጣን በላይ ከመሄድ የማይተናነስ ጥፋት ነው። በኬንያና በአውስትራሊያ በውክልና የወጣ ሕግ በመርሕ ደረጃ ከአሥር ዓመት በኋላ በራሱ ጊዜ ያበቃል፤ እንዲቀጥል የሚፈልግ ተቋም እንደገና ማስረዳት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ድንጋጌ እስኪኖረን ድረስ ኮሚቴው ከመዝገቡ ዕድሜያቸው የገፋውን መመሪያዎች በየዓመቱ እያወጣ ለተቋማቱ «አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በዚያው ገጽ ላይ ይሰፍራል።